ጎተራህ ትንሽ ናት

ገጣሚ ነኝ እኔ፤ ግን ቃል አልገጥምም፣
ሽቦ ከሽቦ ነው፣ ብሎን ከእንጨት ጋር፤ ስንኝ አልሰድርም።
የመሐል ሜዳ ሰው «ሶላር ገጣሚው» ይለኛል፣
መሰላል በትከሻ፣ ፓኔል በበቅሎ፤ ዳገቱ ያውቀኛል።

በጥቅምት አንድ ቀን፣ ጉም ሳይነሣ ገና፣
አስካለማርያም ደጅ ደረስኩ በማለዳ፣ ልጃቸው ልኮኝ ነውና።
ግርማቸው ይባላል፣ ደብረ ብርሃን ያለ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
የሦስት ወር ደሞዙን ከፍሎ ለዚህች ሰሌዳ፣ ኩራዝ ለምትተካ።

ጣራውን አየሁት፤ ጓሳ ነው ክምሩ፣
ብሎን አይዝበትም፣ ይላላል ማገሩ።
«እማማ፣ ይህ ሣር በቆርቆሮ ቢለወጥ…» ብዬ ስጀምር፣
«ተወኝ» አሉኝ፣ «ልጄ፤ ቆርቆሮ ያወራል ዝናብ በመጣ ቁጥር፤
የኅዳርን አመዳይ ማን ያቆምልኛል? ጓሳዬ ይኑር።»

ቆርቆሮ ያለበት አንድ ጋጥ ብቻ ነው፣ የበጎች መተኛ፤
እዚያው ላይ ሰቀልኳት፣ ፊቷን ወደ ደቡብ፤
በጎቹ አፈጠጡ እንደ ሸንጎ ዳኛ።
ባትሪውን ከምሰሶው፣ አምፖሉን ከወጋግራው፣
ማብሪያ ማጥፊያዋን እጃቸው በሚያገኘው፣ በመደቡ በግራው።

በወሩ ለፍተሻ ተመልሼ ብመጣ
ቤቱ ድቅድቅ ብሏል፤ ከምድጃው በቀር አንድ ጮራ አይወጣ።
«ተበላሸ?» ብዬ ባትሪውን ባየው
ሙሉ ነው። አራቱም አረንጓዴ ነጥብ፤ ሰው እጁን ያልጣለው።

«ለምን አያበሩም?»
                    «ለክረምት ነዋ፣ ልጄ፤
ፀሐይ በጠፋች ወር ላወጣው በእጄ።
ገብስ እንኳ ይቀመጣል። ይኼን አጠራቅሜ
ሐምሌን ልሻገርበት፤ አሁንማ ብሩህ ነው፣ መች ጨለመ ዓለሜ?»

እንዴት ብዬ ልንገር? «ይኼ ሣጥን ሲሞላ
የነገዋ ፀሐይ ቦታ አጥታ ነው የምትመለስ ኋላ፤
ሁለት ሌሊት ቢችል ነው፣ ከዚያ አያልፍም» አልኩኝ።
ዝም ብለው ቆዩና በዓይናቸው ለኩኝ።
«ጎተራህ ትንሽ ናት።»
                    «ትንሽ ናት፣ እማማ።»
«ለዚህ ነው የልጄ ሦስት ወር?»

መልስ አልነበረኝም። ጉሙ ከገደሉ ሥር ሽቅብ ይወጣል።
ልነሣ ስል እጄን ግድግዳው ላይ ጣልኩ፣
ክንድ ከስንዝር የሆነ የድንጋይ ካብ፣ ማን እንደካበው የማይታወቅ፤
ሙቅ ነው።
የቀኗ ፀሐይ እዚያ ውስጥ አለች፣
ያለ ሽቦ፣ ያለ እኔ።

የኔ ቤት ብሎኬት ነው፣ በቆርቆሮ ክዳን፤
ማሞቂያ እንሰካለን፤ መብራቱ ሲጠፋ
ጋቢ እንሻማለን፣ ብርዱ ሲጎዳን።

ስወጣ «ቆይ» አሉኝ፤ ማብሪያዋን ተጫኑ።
ቤቱ ነጣ ድንገት። ቀና ብለው ጣራውን፣ ከዚያ እጃቸውን አዩ፤
«ይኼ ሁሉ ጥላሸት ከኔ ጋር ነበር?»
በሩን ገለጥ አርገው፣ «መንገድህን እይበት፣
ቁልቁለቱን እስክታልፍ። ከዚያ አጠፋታለሁ።»

በሦስተኛው መታጠፊያ ዞር ብዬ አየሁ፤
አልጠፋችም።