ጳጉሜ ስትቆጠር

ጅማ፣ ነሐሴ ዐሥር፣ ሒርማታ በጭቃ ተለውሳ ስታድር፣
ደብዳቤዬን ይዤ ጠዋት ከች አልኩኝ ከእንጨት ቤቱ በር።
"ሥራዬን በፈቃዴ እለቃለሁ" ይላል፣ ሌላ የለው ቃል፤
ሠላሳ ቀን ቆጥሮ መስከረም አምስት ላይ "ሰላም ሁኑ" ይላል።
አቶ ከሊፋ የሉም፤ ዋንዛ ሊገዙ ነው አጋሮ የወጡት፤
ሲቲና ተቀብላ ቅጂው ላይ ፈረመች፤
ዋናውን መሳቢያ ከታ፣ "ሲመጡ ይዩት።"

መጡ በሦስተኛው ቀን። ከመዝገብ ሰፈረ፣ ማኅተም ተመታ፤
ከዚያ ወዲያ ሆነ የእኔና የእሳቸው
የቁጥር እሰጥ አገባ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።
"የደረሰኝ ዐሥራ ሦስት ነው" አሉኝ፣ መነጽር እየጠረጉ፤
"ከዚያ ወር ቁጠሪ። ጳጉሜን ተዪያት፤
እሷን ወር አይላትም፣ እንኳን እኛ፣ ሕጉ።"
ጣት አላቸው አንድ፣ መጋዝ የጎረደው ገና በልጅነት፤
በዚያ ጉርድ ጣት ነው፣ ጳጉሜን ተሻግረው፣
መስከረም ዐሥራ ሦስት ላይ ያረፉት።

ቦንጋ ግን ስድስት ነው። ካልደረስኩ ስድስት፣ ወንበሩ የሌላ ሰው።
ማታ ምክር መጣ፣ ያልጠየቅኩት ሁሉ፣ እያንዳንዱ በየፊናው፦
ቫርኒሽ ቀቢው ተማም "ጥለሽ ውጪ" አለ፣ "በሌሊት በሚኒባስ"፤
ወንድሜ ኑረዲን "ክሰሺያቸው" አለ፣ "ይታይ እስከ ዳኛ ድረስ።"
ወጥቶ መሄድ ቀላል ነው።
የሥራ ልምድ ወረቀት የሌለው ዘጠኝ ዓመት ግን፣
ዝናብ ያጠበው የኖራ ጽሑፍ ነው፤ ኖሬዋለሁ ብል ማን ሊያምን?

ተኛሁ፣ አልተኛሁም።
ሲነጋ አወጣሁ የደመወዙን መዝገብ፣ የገዛ እጄን ጽሑፍ፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በዓመት ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሁለት ብቻ ረድፍ።
ዐሥራ ሦስተኛ የለም። ጳጉሜ ግን ነበረች፤ እኔም ነበርኩባት፤
ሰባቴ አምስት አምስት፣ ሁለቴ ደግሞ ስድስት፦ አርባ ሰባት ጠዋት።
ባጃጅ ከፍዬ የመጣሁባቸው፣
መጋዘን ከፍቼ ምስማር የቆጠርኩባቸው።

"አቶ ከሊፋ" አልኩ፣ መዝገቡን ዘርግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
"ጳጉሜ ቀን ካልሆነች፣ እዚህ ምን እሠራ ነበር
ያን ሁሉ ጠዋት፣ ምን ፈልጌ?
ቀን ከሆነች ደግሞ፣ አልተከፈለችም፤ ክፈሉኝ አላልኩም፤
ለመውጫዬ ብቻ ትቆጠርልኝ፤ ሌላ አልለምንም።"
ቅጂውን አኖርኩት፦ ነሐሴ ዐሥር ይላል፣ የሲቲና ፊርማ።
እሷ አንገቷን ደፋች፤
ፊርማዋ ግን ቀና ብሎ ቆመ፣ ቃልም ሳያሰማ።

ጸጥ አሉ። ከጓሮ መላጊያውም ቆመ።
ክፉ ሰው አይደሉም። አባቴ ሆስፒታል የወደቀ ጊዜ፣
ሦስት ወር እየታከመ፣
የመድኃኒቱን ብር የከፈሉት እርሳቸው ናቸው፤
አላነሱትም ያንን። ቢያነሱት ይቀለኝ ነበር፤
የከበደኝ ዝምታቸው።
"ይሄን መዝገብ" አሉ በመጨረሻ፣ "ካንቺ ሌላ ማን ያነበዋል፣ ረውዳ?"
ለካ ቀን አልነበረም ያጣላን፤ ባዶ ወንበር ነው፣ ሲያዩት የሚጎዳ።

ጳጉሜን ሠራኋት። አምስቱንም ቀን፣ ከሲቲና ጎን ተቀምጬ፣
ገቢ፣ ወጪ፣ ዱቤ፣ ማን ስንት እንዳለበት፣ አንድ በአንድ አስጨብጬ።
መስከረም አምስት፣ ከሰዓት፣ የሥራ ልምዴን ፈረሙልኝ፣
ቀኑን ሳይጽፉበት፤
"ሙዪው አንቺ" አሉኝ። ይቅርታ ነው መሰል፤ እኔም ሞላሁበት።

መስከረም ሰባት፣ ቦንጋ፣ ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው።
"የሙጫው ደረሰኝ የት ነው?" አሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድማቸው።
"ሦስተኛው መሳቢያ፣ ከታች፣ አረንጓዴው አቃፊ፤
ላዩ ላይ 'ጳጉሜ' ይላል።"
ዝም። ከዚያ የሆነ ድምፅ ሰማሁ፤
የሳቁ መሰለኝ፤ ምናልባት መጋዙም ይሆናል።