መቁጠሪያ

ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ፤ ከመሲና በላይ፣
ግራና ቀኝ ባሕር ከሚታይበት ጫፍ ላይ፣
ንፋስ ካጎበጠው ጥድ ሥር፣ እኔም ጎብጬ፣
መነጽር አንግቼ፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ።
መዳፌ ውስጥ አለች ትንሽ የብረት መቁጠሪያ፣
ጸሎት የማታውቅ፣ የአሞራ መደመሪያ።
ስጫናት "ቀጭ" ትላለች። ሌላ ቃል የላትም።

ሌቴሪዮ ከጎኔ። ሰባ ስምንት ዓመቱ፤
ግራ ጆሮው አይሰማም፣ ከጠመንጃ ጩኸቱ።
እኔ በመነጽር ሰማዩን ሳበጥር፣
እሱ በባዶ ዓይኑ ደቡብን ሲመረምር፣
"መጡ" ይለኛል።
የታሉ? ምንም የለም እላለሁ፤ ደቂቃ ሳይሞላ
ነጥብ። ሌላ ነጥብ። ከነጥቡም ኋላ
ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት ገበታ
ይመስላል ሰማዩ ባንድ አፍታ።

ተርብ በል ጭልፊቶች፤
ከምድረ በዳው ወዲያ ጫካቸውን ትተው፣
ከቱኒዝያ ጫፍ ባሕሩን ሰንጥቀው፣
ሞቃት አየር ላይ ተሳፍረው
እንደ ሰፌድ እህል ይዞራሉ፣ ይዞራሉ።
ሲዞሩ አይቆጠሩም፤ ይደባለቃሉ።
ጠብቆ ነው። ከላይ፣ ከክቡ አናት ሲፈቱ፣
ወደ ካላብሪያ አንድ ባንድ ሲንሸራተቱ፣
ከልቃቂት እንደሚመዘዝ ክር፣
ያኔ ነው ጣቴ የሚናገር።
ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ፣ ቀጭ።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር ጭላት ሲያንዣብብ
ጭላት የቆጠረ ሰው አላየሁም፤
የሚቆጠረው ጫጩት ነው።
እናቴ መጥረጊያ ይዛ ትወጣለች፣
"ስምንት ነበሩ፣ ሰባት ናቸው" ትልና ትገባለች።
ይህን ስነግረው ሌቴሪዮ ራሱን ነቀነቀ፤
"እኛም ዘንድ አሞራ አይቆጠርም ነበር።
የሚቆጠረው የጥይት ቀለህ ነው።"

ከታች፣ ጥዶቹ መካከል፣ የሲሚንቶ ምሽግ አለች፤
ጣሪያዋን እሾህ ለብሶት፣ አፏን ግን ወደ ሰማይ እንደከፈተች።
አባቱ ነው የሠራት። በፀደይ አንድ ጭልፊት ያልጣለ ባል
"ሚስቱ በላዩ ትሄዳለች" ይባል ነበርና
ወንዱ ሁሉ ይተኩሳል፣ ሐሜት ፈርቶ፣ ትዳሩን ሊያጸና።
"ሳንቲና" አለ፣ "ነፍሷን ይማርና፣
እኔ እዚያ ጉድጓድ ሳድር ብቻዋን ነበረች።
መሄድስ እኔ ነበርኩ የሄድኩት።"
ከኪሱ ብርቱካን አወጣ። ልጦ ግማሹን ሰጠኝ።

ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት፦ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት።
"ቀንሺ" አለኝ።
"ምን ልቀንስ?"
"መቶ ስድሳ ሁለት።
መጋዘኔ ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ፣ በቢላ ጭረት ተጽፈዋል።
እነሱም መንገዳቸው ይኸው ነበር። ከነዚህ ላይ ቀንሺልኝ።"

ደብተሬ ዓምዶች አሉት፤ ሰዓት፣ ዝርያ፣ ብዛት፣ ንፋስ፣ ደመና፤
የመቀነሻ ዓምድ ማንም አላሰመረለትምና
ዝም አልኩ። መቁጠሪያዋም ወደ ኋላ አትመለስም፤
ወይ ወደ ፊት ነው፣ ወይ ዜሮ።
"ዜሮ ላድርጋት?" አልኩት፣ ቀልድ መስሎኝ።
አልሳቀም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ንፋሱ ዞረ።
ሰማዩ ባዶ ሆኖ ቆየ፤ ብርድ ገባን።
አንዲት ብቻዋን፣ ዝቅ ብላ፣ በእኛው ቁመት፣
ከቀኝ ክንፏ ሁለት ላባ የጎደላት፣
በጥዱና በምሽጉ መካከል አለፈች፤
የዓይኗን ቢጫ አየሁት።
የሌቴሪዮ ቀኝ ትከሻ ብድግ አለ፣ ሳያዝዘው፣
ሰደፍ ሊቀበል፣ እንደለመደው።
ከዚያ ወረደ።
እጁን ዘረጋልኝ። መቁጠሪያዋን ሰጠሁት።

አውራ ጣቱ ወፍራም ነው፤ ይንቀጠቀጣል።
አሞራዋ ከባሕሩ እኩሌታ ደርሳ፣
መርከቦቹን አልፋ፣ ነጥብ ልትሆን ስትል ነው የተጫናት።
ቀጭ።
ቆይቶም፣ ጣቱ ስቶ ይሁን ልቡ፣ እንደገና ቀጭ።

የዕለቱ ድምር፦ አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስት።
ከነዚህ ውስጥ አንዷ የለችም።
እንዳለች ጻፍኳት።