የምን መቶ?

ትብሊሲ፣ ኤሊያቫ ገበያ፣ ከአሮጌ ብረት መደዳ፣
ከጎማ ሻጩ ጎን ናት፣ የኔ ሱቅ፣ ጠባብ ጓዳ።
አንድ አምፖል፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የተቃጠለ ጠረጴዛ፣
መስኮቷ ላይ በጣት የሚጻፍበት የጥር ጤዛ።

መጡ አንድ ማለዳ፣ መምህርት ናዚብሮላ፣
ላፕቶፓቸውን በሻርፕ ጠቅልለው፣ ብርድ እንደመታው ገላ።

«መቶ ይላል» አሉኝ፣ «ሙሉ። አምኜው ገመድ እነቅላለሁ።
ሻይ ጥጄ ስመለስ ሰባ፣ ደብተር ስገልጥ አርባ አያለሁ።
ከዚያ ድርግም!
                  እኔ የወንዝ ርዝመት፣ የተራራ ከፍታ
ሳስጠና ነው የሸበትኩት፤ ቁጥር ዋሽቶኝ አያውቅም፣ ቀንም ማታ።»

ገለበጥኩት። ስምንት ብሎን። አንዱ ዝጎ እምቢ አለኝ።
ባትሪው ገና አልተነፋም፤ ደግ ነው፤ መዳፌ ላይ ሞቀኝ።
ከመለኪያ አገናኘሁት። ጠበቅን። ቁጥሩ ወጣ፦
ሲወለድ አርባ ስምንት ሺህ፤
ዛሬ አሥራ ዘጠኝ፤ ሌላው ከየት ይምጣ?

«አልዋሸዎትም» አልኩ። «ግን መጠየቅ ነበር፣ የምን መቶ?
ብርጭቆው ነው የጠበበ፤ ውኃውማ ይኸው እስከ አፉ ሞልቶ።
ሙሉ መሆኑ እውነት ነው፤
ሙሉው ራሱ ነው የኮሰሰ።»

ዝም አሉ። ቆይተው ሳቁ። «እንደ ጡረታዬ በለኝ!
በየወሩ ሙሉውን ይሰጡኛል፤ ሙሉው ነው የጎደለኝ።»

ነገርኳቸው፦ በሆዱ ውስጥ ሁለት ክፍሎች አሉ፣
የሊቲየም ቅንጣቶች በመሀል ይመላለሳሉ፤
ሲሞላ ወዲያ ማዶ፣ ሲሠሩበት ወዲህ፣ እንደ ገበያ ሰው፤
በየጉዞው ግን ጥቂት አሉ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው
የሚቀሩ። ማንም አይጠራቸው፤ ቤትም አይመለሱ።
በሺህ ምልልስ ነው የሚታወቀው፣ ስንቱ እንደ አነሱ።

«ሙቀት ያስረጀዋል። ሥራ ፈትቶም ያረጃል፣ በመሳቢያ።
የባሰው ግን ሁልጊዜ ጢም ብሎ ማደር ነው፣ ያለ ማረፊያ።
ሰማንያ ላይ ይንቀሉት፤ ጥጋብም ይገድላል።»

«ሰማንያ?» አሉ። ድምፃቸው ወረደ።
«ልጄ፣ አንተ ያኔ አልተወለድክም፤ ያንን የበረዶ ወራት አታውቀው።
መብራት በቀን አንድ ሰዓት፤ መቼ እንደሚመጣም የሚያውቀው
አልነበረም። ሌሊት ዘጠኝ ላይ አምፖሉ ቦግ ሲል
ከነካፖርታችን ከአልጋ ዘለን፣ አንዱ ውኃ ሲጥድ፣ አንዱ ልብስ ሲተኩስ፣ አንዱ ሬዲዮ ሲከፍት፣
እኔ የተማሪ ፈተና ሳርም፣ ቀይ እስክሪብቶው በብርድ ደርቆ...
ከዚያ ወዲህ ሶኬት ካየሁ፣ ሳልሰካ አላልፍም።
ከጎኔ የሞላ ነገር ከሌለ፣ ዓይኔን አልከድንም።»

ምን ልበል? ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ሌሊት ሌሊት፣ በፍርሃት ሞሉት፤
ለክፉ ቀን ያቆዩትን ባትሪ
በደጉ ቀን ጨረሱት።

«አዲስ አለኝ» አልኩ። ዋጋ ጠራሁ። ቦርሳቸውን አልከፈቱም።
«ይሄኛው ስንት ደቂቃ ይሄዳል? መቶ ምናምን አልፈልግም።»
«ሃምሳ። ምናልባት ሃምሳ ሁለት፣ ስክሪኑ ደብዘዝ ካለ።»
«አንድ ክፍለ ጊዜ አርባ አምስት ነው፤ ታዲያ ምን ጎደለ?»

ከላያቸው ፎቅ ሁለት ልጆች አሉ፣ ማታ የሚያስጠኗቸው፤
ምትክቫሪን ይዘዋል፣ ካስፒያን ባሕር ገና አልደረሱም፤
«ነገ አዘርባጃን እንገባለን» አሉኝ፣ ሻርፑን እየጠቀለሉ።
የጉልበት ዋጋ አልቀበል ስል፣ ሁለት ብርቱካን ጥለው ሄዱ።

ማታ ሱቄን ልዘጋ ስል አምፖሌ ሁለቴ ጭልጭል አለ።
ስልኬን አየሁት፦ ስድሳ ስድስት። ገበያው ጸጥ እንዳለ፣
ምክሬን ሳላስታውሰው፣ እጄ ቀድሞኝ ገመድ ሰካ፤
ያንን የበረዶ ወራት እኔም
በእናቴ ሆድ አልፌዋለሁ ለካ።