ሁለት ምሰሶ

መጋቢት ገብቶ እንኳ፣ ሱ ፎልስ ጨው ለብሶ፣
ከቫኔ ሥር ተኛሁ፣ ካርቶኑ በስብሶ።
አሥራ ዘጠኝ ክረምት ሰማዬ ሆዱ ነው፣
ዝገት ያዳመነው፣ ዘይት የሚያዘንበው።

የሻረግ በሩ ላይ፣ ካፖርቷን ደርባ፣
"ወገብህ" አለችኝ፣ "ይንቋቋል ስትገባ፣
ያቃስታል ስትወጣ። ወይ ማንሻ ግዛና
ተገላገል፣ አለዚያ ሽጠው ይህን መኪና፤
ገና በቁምህ ሳለህ መሬት አትለማመድ፤
ቀኑ ሲደርስ እንጂ፣ ማን ቀረ ሳይወርድ።"

ካታሎግ ዘረጋሁ፣ ማታ፣ ኮፈኑ ላይ፤
ሁለት ምሰሶ ነው ሁሉም ከሩቅ ሲታይ።
አንደኛው ኬብሉን በአናቱ ያሻገረ፣
እንደ ደጀ ሰላም ከላይ የታሰረ፤
ሌላኛው በወለል፣ ከብረት ክዳን ሥር፣
ጉብ ያለ እንቅፋት፣ እግር የሚሰብር።
የፊተኛውን ወደድኩ። ሜትር ይዤ ወጣሁ፤
አሥራ ሁለት ጫማ ይላል፤ አሥር ላይ ቀረሁ።
መኪና ላነሣ ብል ጣሪያዬ አነሰ፣
ያ ደጀ ሰላሜ በሜትር ፈረሰ።

እሺ፣ ባለ ጉብታው። እግሬን አነሣለሁ።
ቫኑን ሦስት ጫማ ያውጣልኝ ብቻ፣ በርጩማ አለኝ፣ እቀመጣለሁ፤
ከተጋደመ ሰው የተቀመጠ ይሾማል።
ክንዱም ምርጫ አለው፦ ያኛው አራቱም እኩል ነው፣
የዚህ የፊቱ ያጥራል፣ የኋላው ይረዝማል፤
መኪናው ፈቀቅ ብሎ ወደ ኋላ ይቆማል፣
በሩ ምሰሶውን ሳይነካ ይከፈታል።
የሻረግን በር ስትከፍት አይቻለሁና፣ ይህኛው ይሻላል።

ዋጋው ላይ ተያዝኩ። ሁለት ቀያይ ማንሻዎች፣ መንትያ ይመስላሉ፣
አሥር አሥር ሺህ ፓውንድ እንሸከማለን ይላሉ፤
አንደኛው የፈተና ማኅተም አለበት፣
ሌላው ባዶ ነው፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዶላር ተቀንሶበት።
"ብረት ያው ብረት ነው" አልኩት ለሽመክት።
ሽመክት አልመለሰም።
ክሪኩ የሸሸ ለት፣ ከፋብሪካው ጀርባ፣
ሁለት ጣት ከፍሎ ነው ነፍሱን ያስቀረው።
በቀሩት ሦስቱ የርካሹን ሥዕል ሸፈነና
ስለ ንፋሱ ማውራት ጀመረ።
ማኅተም ያለውን አዘዝኩ።

ጎረቤቴ ሎረን፣ ጡረታ የወጣ ግንበኛ፣ በአጥር ላይ፣
"ወለልህ ስንት ኢንች ነው?"
አላውቅም።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆምኩበትን፣
ልጆቼን ብስክሌት ያስጀመርኩበትን
አላውቅም።
መሰርሰሪያውን ይዞ መጣ። አራት ኢንች ይላል መጽሐፉ፤
ሁለት ተኩል ላይ ዘው አለ፤
ጥቁር አፈር ይዞ ተመለሰ ጫፉ።
ሎረን ሳቀ። "ይህ ወለል አይደለም፣ ምንጣፍ ነው" አለ።
እኔ አልሳቅኩም፤
ክንድ ስመርጥ፣ ዋጋ ሳወርድ፣ ጣሪያ ስለካ ከርሜ፣
መሬቱን ሳልጠይቅ፣ እላዩ ላይ ቆሜ!

ቆረጥነው። ሁለት ጉድጓድ፣ አራት ማዕዘን፤
ብረት አሰርን፣ ሲሚንቶ አፈሰስን።
ሃያ ስምንት ቀን ጋራዡ አራስ ሆነ፤
ማንም እንዳይረግጠው ደጁ ተከደነ።
የሎረን ድመት ብቻ፣ ሕግ የማታውቅ፣
በመጀመሪያው ሌሊት አለፈችበት፤ አራት መዳፍ፣ ጥልቅ።

ግንቦት ማብቂያ ላይ የየሻረግ ኮሮላ ቀድማ ወጣች።
ስንዝር አነሣናት፣ ገፋን፣ ወዘወዝን፤ አልተነቃነቀችም፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ መቆለፊያው እየቆጠረ፤
ጥርሱ ላይ መልሰን አሳረፍናት፣ ጸጥ አለች።
ማንም አልገባም። ባለቤቱ እኔም።
ሽመክት በሩ ጋ፣ እጁ ኪሱ ውስጥ፣
ቆየ።
ኋላ ባትሪውን ከእጄ ወሰደ፣ በሦስቱ ጣቶቹ፣
አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በገዛ እግሮቹ
ገባ።
ሆዷን አበራ፣ ዞረ፣ በጉጠት አንኳኳ፣
"የሻረግ" አለ፣ "ጭስ ማውጫሽ ተበስቷል ለካ!"