ቃል ሰጪዋ

ሠላሳ አንድ ዓመት ከመድረኩ ከንፈር
በእንጨት ሣጥን ውስጥ ተቀብሮ ወገቤ፣
አንድ ትንሽ አምፖል፣ ዳሩ ያለቀ ደብተር፣
ሁለት ከረሜላ፣ እርሳስና ልቤ።
የሚዘፍን ሰው ቃል ሲጠፋው በመሃል
አንድ ትንፋሽ ቀድሜ አቀብለዋለሁ።
አዳራሹ አይሰማም። እሱ ግን ይሰማል።
ኦንዲና ይሉኛል። በዚህ እኖራለሁ።

ከዚህ ጉድጓድ ሆኖ ሰው ፊት የለውም።
ሰው ማለት ጫማ ነው።
ባሪቶኑ ግራ ተረከዙን ይጎትታል፤
ሶፕራኖዋ ከፍ ያለው ኖታ ሳይመጣ ገና
በጫማዋ ውስጥ ጣቷን ታጥፋለች።

ኔቪዮ የመጣ በኅዳር ነበር፣
ቦራ የሚሉት ነፋስ ትሪየስቴን ሲገርፍ፣
አሮጊቶች ገመድ ይዘው ሲሻገሩ በወደቡ ጠርፍ።
ጫማው የተውሶ፣ በሁለት ቁጥር የሰፋው፣
አፍንጫው ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት፣ ሲራመድ የሚያንኮሻኩሸው።
ድርሻው መልእክተኛ፣ አንድ መስመር ብቻ፦
«ፈረሱ ተጭኗል፣ ጌታዬ፣ ውጡ!»
ከዚያ መሰናበቻ።
ያችን አንድ መስመር እንዲያ አድርጎ ሲላት
ከመጋረጃው ጀርባ ፈረስ ሸተተኝ፣
ላብና ኮርቻ።

አባቱ በያጅ ነው፤
የሞንፋልኮኔ የመርከብ ፋብሪካ ጆሮውን የበላው።
ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰገነቱ ጫፍ፣ ከርካሹ ወንበር፣
የልጁ አንገት ሥር ሲገተር ያያል።
ያ ነው ዘፈን ለእሱ። ሌላ ምን አለው?

በየካቲት አንድ ሐሙስ ዋናው ቴነር ታመመ፣
ሻርፑን ጠምጥሞ፣ የሆቴሉን በር ዘግቶ ተጋደመ።
ኔቪዮ ካባውን ለበሰ፣ በመርፌ ቁልፍ አጥብበውለት፤
ጫማው ግን ያው ነበር፣ ጋዜጣ ያለበት።

በሁለተኛው ገቢር ያን ከፍታ ሲወጣ
አንድም ሰው አልሳለም በዚያ ቅዝቃዜ።
ትንፋሽ መቁጠር ነበር ሙያዬ፣ እንጀራዬ፤
መቁጠር ተውኩ ያንጊዜ።

ሦስተኛው ገቢር ግን፣ እስር ቤቱ ውስጥ፣
«እናቴን ንገሯት» ካለ በኋላ
ጫማው ቀጥ አለ። ጋዜጣው ዝም አለ።
ኔቪዮ ቃል በላ።
ሰጠሁት። ወሰደው። ዘፈነው። ጨረሰ።
ጭብጨባው ከጣራ አቧራ አፈሰሰ።

መጋረጃው ሲዘጋ ከጉድጓዴ አፍ ተንበረከከ።
ፊቱን ያኔ አየሁት፦ አገጩ ላይ ጠባሳ፣ ላብ ያራሰው ቅንድብ።
«ኦንዲና፣ ቃል ሰጥተሽኛል፤ እኔም ቃል ልስጥሽ፦
ትልቁ ቤት ስዘፍን፣ ፊት ከሚታይበት ወንበር ላስቀምጥሽ።»

ከዚያማ ሊዮን ጠራው። ዙሪክ። ቪየና።
ወኪል ያዘ። የጉሮሮ ሐኪም ያዘ።
የፓሪስ ሰፊ እግሩን ለካው፣ ከጥጃ ቆዳ።
ጫማው ውስጥ የነበረው ጋዜጣ
አሁን ስሙን ይዞ ወጣ።
በየኪዮስኩ ገዛሁት፤ ሳንቲም አልቆጠብኩም።
ትኬት ግን አልመጣም። በፖስታም፣ በሰውም።

በሰባተኛው ዓመት ለአንድ ምሽት መጣ፤
ያው ሥራ፣ ያው እስር ቤት፣ ያው የሚያቃስት ወለል።
አባቱ ሞቷል። ሰገነቱን ቱሪስት ሞልቶታል።
ድምፁ ከብዷል፣ ጠቁሯል፣ ያምራል፣ መካድ አልችልም።
ጫማው አይንኮሻኮሽም፤
እግሩ ሲመጣ አልሰማሁም።

«እናቴን ንገሯት…»
ጫማው ቀጥ አለ።

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።
እዚያው ያዝኩት።
አንድ ትንፋሽ። (ትንፋሽ አውቃለሁ፤ ረጅም ነው።)
እሱ ቃሉን በልቷል፤ እኔስ ቃሌን ብበላ?
ሺህ ሰው በጨለማ። የመሪው እጅ አየር ላይ ቀረ፤
የቀኝ ጫማው ጫፍ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ወደ እኔ ዞረ።

ሰጠሁት።
ወሰደው።

ሲያልቅ አልተንበረከከም።
አበባም አልላከ፣ እኔም አልጠበቅሁ።
ሲነጋ ደብተሩን ገልጬ፣ ከዚያ ቃል አጠገብ፣
ነገ እዚህ ጉድጓድ ለምትገባው ልጅ
በእርሳስ ጻፍኩላት፦
«እዚህ ጋ ይርበዋል።
አትያዥበት።»