ላብ ነው

የማካሮኒ ካርቶን ከሞተሩ ሥር አንጥፌ አደርኩ፣
ሲነጋ ሦስት ጥቁር ነጥብ ቆጠርኩ።
«ላብ ነው» አለ ሬድዋን፣ የሸጠልኝ ሰው፣
«በድሬ ሙቀት የማያልበው ማነው?»

ሰማንያ ዘጠነኛው ቀን፤ ዋስትናው ነገ ያበቃል።
«ቆሞማ ምን ይናገራል» አለች መካኒኳ ኢፍቱ፣
«ደንገጎን ሲወጣ የሆዱን ያወጣል።»

ዳገቱን ወጥተን ወረድን።
በጀርባዋ ከሥሩ ተንሸራታ ገባች፤
ከእኛ ጋር የቀረው ያለቀ ጫማዋ ነበር።
ስትወጣ ጣቷን ለሬድዋን ዘረጋች፦
«ቅመሰው፤ ላብ ከሆነ ጨው ጨው ይላል» አለች።

አልቀመሰም። «ወረቀትህን አምጣ» አለኝ።
ከደረት ኪሴ አወጣሁት፣
ሦስት ወር ከሸሚዜ ጋር የረጠበ፣ የደረቀ፤
ማኅተሙ ሟሙቶ ሐምራዊ ዳመና ሆኗል፣
የፊርማው ጭራ ብቻ ቀርቷል።

ይሄኛው ላብ ነው።