የዋና ሒሳብ

"በዚህ ወር አልላክሁም፤ አትቀየም፣ እንድሪስ፣
የሐምዛ ዋና ነው ደመወዜን የሚጨርስ።"
ሉባባ እህቴ ናት፣ ከበርገን፣ ከኖርዌይ፤
ድምጿ የደረሰኝ ሐይቅ ዳር፣ ታንኳ ጥገና ላይ።

አንድ በአንድ ቆጠረች፣ እንደ ሱቅ ደብተር፦
የመዋኛው ክፍያ፣ የአሠልጣኙ ብር፣
የክለቡ መዋጮ፣ የውኃ መነጽሩ፣
ሌላ ከተማ ሄዶ ሲወዳደር ማደሩ፤
ያች የራስ ላስቲክ እንኳ፣ እንደ ፊኛ የሳሳች፣
በሁለት ወር አንዴ ትቀደዳለች።
"ደግሞ ተራ አለብኝ፤ ቅዳሜን ሙሉ ቆሜ
ለክለቡ ኬክ እሸጣለሁ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ደክሜ፤
ከቀረሁ መቀጮ ነው።
ግማሽ ሰዓት ውኃ በስንት መሰለህ?
ብነግርህ ትስቃለህ።"

ነገረችኝ። አልሳቅሁም።
ጭቃው ላይ በጣቴ ወደ ብር ለወጥሁት፤
ዜሮው ቢበዛብኝ ደግሜ ጻፍሁት።
የአንድ ወር ዓሣ ነው፣ ከነአምባዛው፣ ከነቆሮሶው፣
ከነደላላው ድርሻ፣ ከነበረዶው።
የእማም የግፊት ክኒን፣ ከደሴ የሚመጣው፣
እዚያ ገንዳ ውስጥ ነው ሟምቶ የምናጣው።

ቀና ብዬ ሐይቁን አየሁት፤ በር የለው፣ ትኬት የለው፤
አምስት ልጆች ከቋጥኙ ይዘላሉ፣ ደብተራቸው ላይ ድንጋይ ጭነው።
ማን ከፈለላቸው?
አፌ ከልቤ ቀደመ፦
"አንች ሉባባ! ውኃም በብር ሆነ? ወላሂ፣ ጉድ ፈላ!
በነጻ አይደለም ወይ እኛ የተማርነው፣ እዚሁ፣ ከፊላው ኋላ?"

ላክሁት።
ሁለቱ ጭረት ሰማያዊ ሆነ።
መልስ የለም።
ዙሁር አለፈ፤ አሱርም አለፈ፤
ሬንጁ ጣሳው ውስጥ ጠጠረ።

"ከፊላው ኋላ" ያልሁት ራሴ ነኝ።
ቃሉ ዞሮ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

ይማም።
የእኔ ታናሽ፣ የሉባባ ታላቅ። ዘጠኝ ዓመቱ።
ከፊላው ኋላ፣ ውኃው በሚጠቁርበት፣
"ስጠልቅ ቁጠሩልኝ" አለ።
እኔ ጠጠር እወረውር ነበር።
ሉባባ ቆጠረች።
ሁልጊዜ ሠላሳ ሳይሞላ ብቅ ይላል፤
ሠላሳን አለፈች፣
ስድሳን፤
መቶ ደረሰች።
ከመቶ በላይ ገና አልተማረችም ነበርና
እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ሸሚዙ ድንጋዩ ላይ ደርቆ ጠበቀን።

ተነሥቼ ልጆቹን ቆጠርሁ። አምስት።
ደግሜ ቆጠርሁ።
"ውጡ! መሽቷል!" አልሁ፤
ፀሐይዋ ገና ተራራው ላይ ነበረች፤ ሳቁብኝ።

ድምጿ የመጣው ማታ ነው፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፦
"እንድሪስ፣ ዛሬ ሐምዛ ገንዳውን በሥር፣ አንዴም ሳይተነፍስ ተሻገረ።
እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ እቆጥራለሁ።
ሃያ ስድስት ላይ ወጣ።
አሠልጣኙ፣ 'እናትዬው፣ ምን ያስለቅስሻል?' አለኝ።
ልነግረው ነበር፤
ቋንቋው አልበቃኝም።"

ስልኩን ደረቴ ላይ አስደግፌ ቆየሁ፤
ከዚያ ቀስ ብዬ፣ እማ እንዳትሰማ፣ እንዲህ አልሁ፦

"ክፈይ፣ እህቴ። አብሽሪ።
ዋናውን ከፍለናል ድሮ፣ ገና ልጆች ሳለን፤
ወለዱ ብቻ ነው የቀረን።
ለክኒኑ አታስቢ፣ ሌሊትም መረብ እጥላለሁ፤
ጨረቃ ስትጠፋ ዓሣው ይቀርባል፣ አውቃለሁ።
ያች የራስ ላስቲክ ግን፣ የምትቀደደዋ፣
ስንት ነው ያልሽኝ ዋጋዋ?
እሷን በእኔ ስም ጻፊያት።"